ያልተነሣው የጨንቻ ጉም

ስለ መጠጥ ጉዳት የሚጻፍ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በጉበት ይጀምርና በእንባ ያልቃል። መሃል ላይ አንድ አባወራ ይወላገዳል፣ አንዲት ሚስት ታለቅሳለች፣ መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ጣቱን ይቀስራል። በእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ስሳለቅ ነው የኖርኩት፤ ዛሬም አልወደውም። እኔ የምነግራችሁ የሰካራም ታሪክ አይደለም። ነገሩ በደረሰበት ቀን አንድ ጠብታ እንኳ በጉሮሮዬ አልወረደም። ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት በንጹሕ አእምሮ ነው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው «መጠጥ አሳስቶት ነው» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው።

ዘመኑ የዘጠናዎቹ ማብቂያ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ወደ ደቡብ የወረድኩት በምደባ ነው፣ ለሁለት ዓመት ብዬ። ያኔ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ዕድሜዬ ሠላሳ አምስት፣ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ሦስት ካርቶን መጽሐፍ ግን አለኝ። ሦስት ካርቶን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል የምታወቀው ሌላው ሰው ያለውን በመገልበጥ ነበር። የጤና ባለሙያዎች መጥተው ስለ አረቄ፣ ስለ ጫትና ስለ ሲጋራ አስተምረውን በሄዱ ማግስት ተነሥቼ የራሴን ትምህርት ሰጠሁ። «ሰው ገብስ መዝራት የጀመረው ለዳቦ ነው ወይስ ለጠላ? እኔ በጠላ እወራረዳለሁ» አልኩ። አልኮል የሚለው ስም ራሱ ከዓረብኛ የመጣ መሆኑን፣ ሥሩም እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉት ኩል መሆኑን ነገርኳቸው። ትንባሆ አንድ ሰሞን በሐኪም ይታዘዝ እንደነበር፣ ሄሮይን ራሱ የሳል መድኃኒት ተብሎ በጠርሙስ ይሸጥ እንደነበር አወራሁ። ከሁሉ በላይ በደስታ የተረክሁት ግን የአሜሪካንን ነው። መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን፣ ለፋብሪካ የሚውለው አልኮል እንዳይጠጣ መንግሥት መርዝ ያስጨምርበት ነበር። ሰው ግን ጠጣው። ታወረ፣ ሞተ። «አያችሁ፣ ገዳዩ መጠጡ ሳይሆን ከልካዩ ነው!» ብዬ ደመደምኩ። ሳቁ ትዝ ይለኛል።

ይህን ታሪክ በቃሌ አውቀው ነበር። ልብ በሉ፤ አውቀው ነበር።

ከዚያው ወሬ አንድ ሐሳብ ተወለደ። ሰው የሚጠጣው መጠጡን ሳይሆን ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ነው የሚል ሐሳብ። ለጋዜጣ ልጽፈው ፈለግሁ፤ ለጽሑፉ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል። ከአንድ ሠርግ የተረፈ ባዶ የውጭ ውስኪ ጠርሙስ ነበረኝ። በውስጡ እኔ የሠራሁትን ጨምሬ ለሰው አቀርባለሁ፣ ሰውየው «አቤት ውስኪ!» ይላል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሐሳቡ ይኸው ነበር።

የትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ዕቃ ጠባቂ አቶ ግርማ ደግ ሰው ነበር።

«ቴፔን የማጸዳበት ትንሽ አልኮል ፈልጌ ነበር» አልኩት።

«ያውና፣ ከታች መደርደሪያ። ጊዜው ያለፈበት ነው፣ የሚነካው የለም። ውሰደው።»

ቡናማ ጠርሙስ ነበር። ወረቀቱ ደብዝዟል። በትልቁ የተጻፈውን «አልኮል» የሚለውን አነበብኩ። ከፊቱ በደቃቁ የተጻፈ ሌላ ቃል ነበር፤ እሱን አላነበብኩም። ከጎኑ የራስ ቅል ተሥሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ ጣቴን የራስ ቅሉ ላይ አድርጌ።

«መምህር፣ እዚህ ክፍል ውስጥ የራስ ቅል የሌለበት ጠርሙስ ካገኘህ ቁልፉን ላስረክብህ። ጨዉም ላይ አለ እኮ!»

ተሳሳቅን። ሰው ወረቀት ነው የሚጠጣው ብሎ የሚሳለቀው ሰው ወረቀቱን እንኳ እስከ መጨረሻው አላነበበም።

በምን በምን እንደቀላቀልኩት አልዘረዝርም፤ ለሞኝነት አዘገጃጀት አይጻፍለትም። ቀለሙ ማር መሰለ። ጣቴን ነክሬ ምላሴን አስነካሁት፤ ጣፈጠኝ፣ አቃጠለኝም። ከዚያ በላይ ያልቀመስኩት ከጨዋነት አይደለም። የአሜባ ክኒን እየወሰድኩ ነበር፤ ፋርማሲስቷ «ከአልኮል ጋር ይጣላል» ብላኛለች። የእሷን ትእዛዝ በደንብ አከበርኩ።

አሁን አንጁሎን ላስተዋውቃችሁ። አንጁሎ ሸማኔ ነው። ሴቻ ውስጥ በአንድ ግቢ ጎረቤታሞች ነበርን፤ የሽመና ጉድጓዱ ማንጎው ሥር ነው። በዚያ ከተማ ተከራክሬው የምሸነፍለት ሰው እሱ ብቻ ነበር። ጽሑፎቼን ወደ ጋዜጣ ከመላኬ በፊት አነብለታለሁ፤ እግሩ መርገጫውን፣ እጁ መወርወሪያውን ሳይለቅ ያዳምጥና «ድሩ ጥሩ ነው መምህር፤ ማጉ ላልቷል» ይለኛል። ሁልጊዜም መሃል ላይ ነበር የሚላላብኝ።

ለመስቀል የጋሞ ሰው ከተማ ውስጥ አይቀርም፤ ወደ ተወለደበት ይወጣል። አንጁሎም በየዓመቱ ጨንቻ አካባቢ ወዳለው አባቱ ግቢ ይወጣል፤ እኔንም ይዞኝ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ጠርሙሴን በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ።

«ዮ ማስቃላ!» ተባባልን። ሥጋው ተቆርጧል፣ ዳጣው ቀርቧል፣ ቆጮው ትኩስ ነው። ከቀርከሃ የተሠራው ትልቁ ቤት ውስጥ የአንጁሎ አባት አቶ ማዳ ከምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል። የአንጁሎ ሚስት አስቴር ትገባለች ትወጣለች። እህቱን ያገባው ዘውዴ፣ አፕል የሚያለማ ቀልደኛ ገበሬ፣ ከእኔ አጠገብ ነው። ጠርሙሱን ሳወጣ መጀመሪያ የጮኸው እሱ ነው።

«ኡኡ! መምህር ፈረንጅ ሆኗል!»

«ከየት አገኘኸው?» አለ አንጁሎ።

«አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአዲስ አበባ ላከልኝ።»

እዚህ ላይ ዋሸሁ። ቀልድ ነው ብዬ ነው የዋሸሁት፤ ቀልድ ደግሞ እስኪያልቅ ድረስ ውሸት ነው።

አስቴር ቆም ብላ ጠርሙሱን አየችው። አባቷን የጨረሰው አረቄ ነው፤ መጠጥ አትወድም። «ሰው ለመስቀል ቅቤ ይዞ ይመጣል» አለችኝ።

«አስቴርዬ፣ ይሄ የነጭ ቅቤ ነው።»

«የነጭም ሆነ የጥቁር፣ ያው ምላስ ያስራል።»

አቶ ማዳ «ለሽማግሌ ጠጅ ይበቃል» ብለው ጽዋውን አሳለፉት። ዘውዴ ሁለት ጉንጭ ጠጣና ፊቱን አኮማተረ። «መምህር አይክፋህ፣ የማሚቴ አረቄ ይበልጠዋል» ብሎ ወደ አረቄው ተመለሰ። ማሚቴ በሰፈሩ አረቄ የምታወጣ ባልቴት ናት። ዘውዴ ቀኑን ሙሉ እስኪመሽ የእሷን ጠጣ።

አንጁሎ ግን እንግዳን ማክበር ያውቃል። «አንተ ያመጣኸው እያለ በሌላ አፌን አላበላሽም» አለና ሌላ ምንም አልቀመሰም። ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ እያለ ጠጣው።

«ይሄ የተማረ መጠጥ ነው» አለ። «ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው።»

እኔ በደስታ ሰከርኩ። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ቃሉን እንዳለ ጻፍኩት። የኩልን ነገር ነገርኩት።

«ታዲያ ዓይን ያሳምራል በለኛ!» ብሎ ደገመ።

ያን ምሽት እውነቱን ነግሬው ልንሳሳቅ አስቤ ነበር። ግን በጣም ስላሞገሰው ደስታዬን ላሳድረው ፈለግሁ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።

የጨንቻ ጉም እንደ አማት ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል። በማግስቱ ጠዋት ስንነሣ ግቢውን ሞልቶታል። ሁሉም ራሱን ይዟል፤ የበዓል ማግስት ነው። አንጁሎ ሆዱን ቆረጠኝ አለ፣ ቁርስ አልበላም። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ።

«የዛሬው ጉም ወፍራም ነው» አለ።

ሁላችንም «ወፍራም ነው» አልን። እውነት ነበር።

አራት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ወጣ። ጉሙ ከቀርከሃው አጥር ላይ ተገፎ፣ በገደሉ ወርዶ ጠፋ። ወደ ግቢው ጫፍ ሄድኩ። ከታች፣ ከሩቅ፣ ሁለቱም ሐይቆች ወለል ብለው ይታያሉ፤ አባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ መሃላቸው ሁለቱን የሚለያቸው ቀጭን ተራራ። እንዲህ የሚጠራ ቀን በመስከረም ብዙ አይገኝም። ስመለስ አንጁሎ ፊቱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ተቀምጧል።

«ዛሬስ አልነሣ አለ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ጉሙ ነዋ።»

ቀልድ መሰለኝ። «የቱ ጉም?»

«ይሄ!» እጁን ፊቱ ላይ መጋረጃ እንደሚገልጥ ሰው አወራጨው። «ነጭ ነው፣ ጥጥ የተነደፈ ይመስላል። ግን ፀሐይ ይሞቀኛል። ጉም ውስጥ ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ሦስት ጣት ፊቱ ላይ ዘረጋሁ።

«ስንት ነው?»

«ምኑ?»

የአሜሪካው ታሪክ ተመልሶ መጣብኝ። ታወረ፣ ሞተ። ያን የደበዘዘ ወረቀት አየሁት፤ ያላነበብኩትን ደቃቅ ቃል፣ የሣቅንበትን የራስ ቅል። ለአራት ሰዓታት ሁላችንም በጉም አሳበን ነበር። ሌላ አገር ቢሆን ጠዋቱን ነው ዓይኔን የሚለው፤ ጨንቻ ላይ ግን ነጭ ነገር የሚያይ ሰው አይደነግጥም።

«ሐኪም ቤት መሄድ አለበት» አልኩ ወደ ቤት ገብቼ። «አሁኑኑ!»

አቶ ማዳ ወጥተው የልጃቸውን ዓይን አዩ፣ እጃቸውን ከፊቱ አሳለፉ። አንጁሎ ዓይኑን አላርገበገበም።

«ይሄዳል» አሉ። «መጀመሪያ ቤት ይጸዳል። ቤቱ ሳይጸዳ የወጣ በሽተኛ መንገድ ይቀራል።»

«አባባ፣ ጊዜ የለም!»

«ለምን ጊዜ የለም?» አሉና ቀጥ ብለው አዩኝ። «በበዓል ማግስት የታመመ ሁሉ በሩጫ ሐኪም ቤት ይሄዳል? አንተ የምታውቀው ነገር አለ?»

ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነበር። መልሱን አውቀው ነበር።

«እንዲያው… የዓይን ነገር ስለሆነ ነው» አልኩ።

ጎሜ የሚሉት ነገር አለ። በእነሱ ዘንድ ክፉ ነገር ዝም ብሎ አይመጣም፤ በቤቱ ውስጥ የተጣሰ፣ የተደበቀ ነገር ቢኖር ነው። የደበቀው ሰው እስኪናገር በሽተኛው አይድንም። እኔ በዚህ ላይ አንድ አሽሙር ጽፌ ነበር፤ «የጋሞ ሕክምና ምርመራው ሁሉ በሐሜት ነው» ብዬ። አሁን አቶ ማዳ ከግቢው እርጥብ ሳር ነጭተው ገቡ። በዚያ ቤት ሥርዓት ሳሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የያዘው ሰው የደበቀውን ይናገራል።

ከሳሩ በፊት ግን የተጠራችው ማሚቴ ናት። «አረቄው ነው» ተብሎ ነበር። ነጠላዋን እያጣፋች መጣች፤ ቀጭን፣ ጥቁር ለባሽ። ሰዎች በር ላይ ተሰብስበው ያጉረመርማሉ። አንዱ «ጋኗ ይሰበር!» አለ።

«ከገብስና ከጌሾ ሌላ ገብቶበት ከሆነ ልጆቼን አይስጠኝ!» አለች ማሚቴ። «ዘውዴ ጠጥቶ የለም? ዘውዴ ይመስክር!»

«ጠጥቻለሁ» አለ ዘውዴ። «ከእሱ እጥፍ።»

«አንተማ ለምዶሃል!» አለው ከበር ላይ ያለው።

ማንም ወደ እኔ አልተመለከተም። የእኔ ጠርሙስ የውጭ ነው፤ ወረቀት አለው። ሐሳቤ ትክክል ነበር አንባቢዎቼ። በዓይኔ ሥር እየተረጋገጠ ነበር።

ሳሩ መዞር ጀመረ። ዘውዴ ስለ ድንበር አንድ ነገር ተናገረ፤ የአንጁሎ እህት ስለ ተደበቀ ቅቤ። በየመሃሉ አንጁሎ ያቃስታል፤ ትንፋሹ አቀበት እንደወጣ ሰው ፈጥኗል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። አምስት ሰዓት ተኩል። ዝም አልኩ። ስድስት ሰዓት። ዝም አልኩ። ይናገሩልኛል ብዬ የምጠብቅ ይመስል አፎቻቸውን በየተራ አያለሁ።

ሳሩ አስቴር ጋ ደረሰ። በሁለት እጇ ያዘችው።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ለገብርኤል ተስያለሁ። አባቴ በመጠጥ ነው የሄደው። የሆነ ነገር አድርግበትና ይተውልኝ አልኩት። የሆነ ነገር ነው ያልኩት፣ ምን እንደሆነ አልነገርኩትም። እኔ ነኝ ዓይኑን ያጠፋሁት።» ሳሩን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

አንጁሎ በድምጿ እየፈለጋት እጁን ዘረጋ። «ተይ አንቺ፣ ገብርኤል እንዲህ አይነት ሥራ አይሠራም።»

ቀጣዩ እኔ ነበርኩ። ዘውዴ ሳሩን በላዬ አሳልፎ ለወዲያኛው ሊሰጥ እጁን ዘረጋ። «መምህር እንግዳ ነው፣ ይለፈው።»

«ይለፈው» አለ አንጁሎም። ያን ጊዜ እንኳ ሊስቅ ሞከረ። «እሱ በጎሜ አያምንም። ይጽፍብናል።»

መዳኛዬ ይኸው ነበር። ደግሞ ያቀረበልኝ እሱ ራሱ ነው።

«ስጡኝ» አልኩ።

ሳሩ ቀዝቃዛ ነበር። አጭር አድርጌ ተናገርኩ፤ በሕይወቴ ማጉ ያልላላበት ንግግሬ እሱ ብቻ ነው። «ውስኪ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ያመጣሁት ነው። ጠርሙሱ ባዶ ነበር፤ እኔ ነኝ የሞላሁት። እንዴት እንደምትታለሉ ለማየት ነው። መርዝ ይመስለኛል። ካወቅሁ ሁለት ሰዓት ሆኖኛል።»

ማንም አልጮኸም። ይጮኻሉ ብዬ ነበር፤ እንዲጮኹ እፈልግ ነበር። አቶ ማዳ ብቻ ተናገሩ።

«ሌላ የጠጣ አለ?»

«ዘውዴ፣ ሁለት ጉንጭ።»

«መድኃኒት አለው?»

«አላውቅም። ካለ ያለው ታች ነው።»

«እንግዲያው ምን አስቀመጠን!» ብለው ተነሡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተራራ የነበሩት ሰው በአንድ ጊዜ ጎርፍ ሆኑ። ዘውዴ ወደ መንገዱ ሮጠ። አፕል ጭኖ የሚወርድ አይሱዙ መንገዱ ላይ ተጋድሞ አቆመ፤ ይህን ስል ማጋነን አይደለም፣ ተጋድሞ ነው።

አንጁሎን ጋቢና ውስጥ በእኔና በሾፌሩ መሃል አስቀመጥነው። አስቴርና ዘውዴ ከላይ ጭነቱ ላይ ወጡ። ሾፌሩ የያዘውን ጫት በመስኮት ወርውሮ በሁለት እጁ መሪውን ጨበጠ። የዚያን ጊዜ መንገዱ አስፋልት አልነበረም፤ ኮረኮንች ነው፣ ይጠማዘዛል፣ በአንድ ወገን ገደል።

«የት ደረስን?» አለ አንጁሎ።

«ዶርዜን አለፍን።»

«ሐይቆቹ ይታያሉ?»

«ይታያሉ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ትንፋሹ ከሞተሩ በላይ ይሰማኛል። ሁለት ጊዜ አስታወከው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «መጠጡ ግን እውነትም ጥሩ ነበር» አለ። ለእኔ ብሎ ነው የተናገረው፤ እንዳላለቅስ። ቆይቶ ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

«አንጁሎ! እንዳትተኛ! ጽሑፌ እንዴት ነው? ንገረኝ!»

«ማጉ…» አለ። ሌላውን አልጨረሰውም።

አርባ ምንጭ ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ነበረች፤ የበዓል ተረኛ። «ምን ጠጣ?» አለችኝ።

«የላቦራቶሪ አልኮል።»

«የትኛው? አልኮል ብዙ ነው፤ ሙሉ ስሙን ይንገሩኝ!»

ሙሉ ስሙን አላነበብኩም። አቶ ግርማ ቤት ተደወለ፤ ሰውየው እየሮጠ ትምህርት ቤት ሄዶ ቀሪውን ተመሳሳይ ጠርሙስ አንሥቶ ለሐኪሟ በስልክ አነበበላት። ፊቷ ተለወጠ።

«ሜታኖል ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ይውጡና ጂን ይግዙ። ፋብሪካ ያሸገው፣ ክዳኑ ያልተነካ።»

የምትሳለቅብኝ መሰለኝ። «መጠጥ?»

«መጠጥ። ይሄ ነገር የሚገድለው ጉበት ሲፈጨው ነው። ጉበት ደግሞ የሚጠጣውን አልኮል ካገኘ እሱን ያስቀድማል፣ መርዙ ሳይፈጭ ይቆያል። ለዚህ የተሠራው መድኃኒት እዚህ የለም። ይሄ አለ። ይሩጡ!»

ይህን ያነበበ ሰው ቤቱ ልሞክረው እንዳይል። መጠኑን የምታውቀው እሷ ናት፤ በቱቦ፣ በሰዓት፣ አጠገቡ ቆማ ነው የሰጠችው።

ሱቁ ጋ ደርሼ ጠርሙሱን ተቀበልኩና ወረቀቱን ማንበብ ጀመርኩ። ስሙን፣ የፋብሪካውን አድራሻ፣ የተመረተበትን ቀን፣ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳይቀር።

«ሰውዬ፣ ልትገዛው ነው ልታጠናው?» አለኝ ሻጩ።

ስመለስ ሐኪሟ ዘውዴን እየመረመረች ነበር። ዓይኑ ደህና ነው።

«አንተ ሌላ ምን ጠጥተሃል?»

ዘውዴ አንገቱን ደፋ። «አረቄ… ብዙ፣ ዶክተር።»

«የዛሬን ብቻ አልቆጣህም» አለችው። የጠጣው መርዝ ትንሽ ነበር፤ ያችኑ ትንሽ ደግሞ የማሚቴ አረቄ፣ ጋኑ ሊሰበር የነበረው፣ ሳትፈጭ ሳያቆይለት አልቀረም። አንጁሎ እኔን ሊያከብር ከዚያ አረቄ አልቀመሰም።

በሦስተኛው ቀን ነቃ። ዳነ፤ ዓይኑ ግን አልዳነም። ከዳር ከዳር ትንሽ ብርሃን ቀረለት፣ መሃሉ ነጭ ነው። ኮሪደር ላይ ሐኪሟን አገኘኋትና ለመጠየቅ ከፈራሁት በላይ ላለመጠየቅ ፈራሁ።

«ሁለት ሰዓት ቀድመን ብንደርስስ ኖሮ?»

«አላውቅም» አለችኝ። ለማጽናናት ይሁን እውነቷን ይሁን፣ እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም።

ትምህርት ቤቱ ቀጣኝ፤ ቅጣቱ ያንስ ነበር። ቤተሰቡ ግን አልከሰሰኝም። «በሳር የተነገረ ተነግሯል» አሉ አቶ ማዳ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ማንም አላነሣብኝም። ይህ ይቅርታ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ክስ ቢሆን እከራከር ነበር፤ መከራከር እችልበታለሁ። ከአቶ ማዳ ጋር ማሚቴ ደጅ ሄጄም ሳር ይዤ ተንበረከክሁ። ካነሣችኝ በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «መምህር፣ የእኔ አረቄ ወረቀት የለውም። እኔን ግን ሰው ያውቀኛል።» የሦስት ካርቶን መጽሐፌ ማጠቃለያ ይህ ሆነ።

አሁን ከእኔ ምክር የምትጠብቁ ትኖሩ ይሆናል። አረቄ ቅዱስ ነው አልላችሁም፤ የአስቴርን አባት ቀብሮታል። ዘውዴም በማግስቱ መጠጥ አልተወም። እኔ የምናገረው ስለ ራሴ ዓይነት ሰው ነው። ትንባሆን መድኃኒት ብሎ ያዘዘው ያልተማረ ሰው አልነበረም። ሄሮይንን በሳል ጠርሙስ ሞልቶ ወረቀት የለጠፈበት መሃይም አልነበረም። የእነዚህ ነገሮች ታሪክ በአብዛኛው ብዙ የሚያውቁ ሰዎች ሌላው ላይ የሞከሩት ነገር ታሪክ ነው። እኔ ያን ታሪክ አስተማርኩት፤ ቀጥሎ ደገምኩት። በሐሜት ይመረምራሉ ያልኳቸው ሰዎች ደግሞ «ምን ደብቀሃል?» ብለው ጠየቁኝ። በዚያ ቀን የሐኪሟን ያህል የጠቀመ ጥያቄ እሱ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ያዘገየሁት እኔ ነኝ።

አንጁሎ አባቱ ግቢ ተመለሰ። ዛሬም ይሸምናል። የጥለቱን ቀለም አስቴር ትለይለታለች፤ ነጩን እሱ ብቻውን ይጨርሰዋል። በየዓመቱ ለመስቀል እወጣለሁ፤ ቅቤ ይዤ። ድምፄን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «መምህር፣ ጉሙ ተነሥቷል?» ያየሁትን እነግረዋለሁ።

አንድ ዓመት ላይ ግን፣ በማግስቱ ጠዋት፣ ጉሙ ደጃፉን ሞልቶት ሳለ ከሽመና ጉድጓዱ ቀና ብሎ ጠየቀኝ። ፊቱ ላይ የሆነ ተስፋ አየሁና አሳዘነኝ።

«ተነሥቷል» አልኩት። «ሁለቱም ሐይቆች ይታያሉ።»

መወርወሪያውን አቆመ። ድሩን በጣቶቹ ዳሰሰው።

«ክሩ እርጥብ ነው» አለ።

ዞር ብዬ ወደ ደጃፉ አየሁ።

«ፀሐይ ሲሆን ክር ይደርቃል፤ ጉም ሲሆን ይረጥባል። ምነው መምህር፣ ሸማኔን?» አልተቆጣም። «እስቲ እንደገና ልጠይቅህ። ጉሙ ተነሥቷል?»

«አልተነሣም» አልኩ። «ደጃፉ ድረስ ነው። አጥሩ እንኳ አይታየኝም።»

«እኔም አይታየኝም» አለ፤ መወርወሪያውንም አነሣ። «በል ግባ፣ ቁጭ በል።»